ከምስማሩ ጀምሮ

ቅዳሜ ጠዋት ማሊኔዎ እንደ ሌላው ቅዳሜ ነቃች። የላምባ ምድጃዋን ለኮሰች፣ ውኃ ጣደች፣ በመስኮቱ መስታወት ላይ የረጋውን ውርጭ በክርኗ ጠረገች። በዚያ አገር ሐምሌ የውርጭ ወር ስለሆነ ብርድ ልብሷን ከትከሻዋ አላወረደችም። የበቆሎ ዱቄቱን በጣሳ ሰፍራ ገንፎ አገነፋች፤ እንደ ልማዷ በዛ። ለአንድ ሰው ማገንፋት እስካሁን አልሆነላትም። ዱቄቱን በግማሽ ስትቀንስ ውኃውን ትረሳለች፤ ውኃውን ስታስታውስ ጨው ይበዛባታል። የተረፈውን በሩ ላይ ለሚጠብቃት የጎረቤት ውሻ አወጣች። ከዚያ ልብስ አጠበች። ረፋዱ ላይ የመጨረሻውን አንሶላ እያሰጣች ሳለ ስልኳ ጮኸ፤ ሴትን «ምኤ»፣ ወንድን «ንታቴ» ብሎ በሚያከብረው በአገሩ ወግ የሚናገር የሽማግሌ ድምፅ ነበር።

«ምኤ ማሊኔዎ፣ ሴሊሞ ነኝ፤ የሃ ሌካታ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር። አስተማሪዬ ሞቷል።»

«የትኛው?»

«ቱሜሎ፣ የሂሳቡ። ከመሰላል ወድቆ።»

«ሲወድቅ ያየው ሰው አለ?»

ሽማግሌው መለሱ፦ «መሰላሉ ላዩ ላይ ነው ያለው።»

«ማንም ምንም እንዳይነካ ያድርጉልኝ፣ ንታቴ። መጣሁ።»

ማሊኔዎ በወረዳው ፖሊስ ጣቢያ ያለች ብቸኛ መርማሪ ናት። ሃ ሌካታ ስትደርስ የክሊኒኩ ነርስ ቀድማት መጥታለች። ሟቹ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ምሥራቃዊ የውጭ ግድግዳ ሥር በጎኑ ተጋድሟል፤ ሰው ብርድ ልብስ አልብሶታል። በእድሜ ወደ አርባ የሚጠጋ ቀጭን ሰው ነበር። የሹራቡ ክርን በሌላ ቀለም ክር ተጥፏል፤ ስፌቱ የወንድ እጅ ሥራ ነው።

«አንዱ ጉዳት ከኋላ ነው፣ ሁለተኛው ከጆሮው በላይ» አለች ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መሬት ደግሞ የወደቀን ሰው አንዴ ነው የሚመታው፣ ምኤ።»

«መቼ ነው የሞተው?»

«በዚህ ብርድ? ሬሳ እንደ ሥጋ መደብር ሥጋ ነው የሚከርመው። ዓርብ ነው እልሻለሁ። ሰዓቱን አትጠይቂኝ።»

ከግድግዳው አጠገብ ባለው የውኃ በርሜል ውስጥ የግንበኛ መዶሻ ተገኘ። ታጥቦ ንጹሕ ሆኗል። እጀታው ላይ የባለቤቱ ምልክት በቢላ ተቀርጿል። ምልክቱ ለትምህርት ቤቱ መጸዳጃ የሚሠራው ግንበኛ፣ የፒትሶ ነው።

ማሊኔዎ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። በቅርቡ በቀይ ጭቃ ተለስኗል። ለትምህርት ቤቱ በዓል ልጆቹ በጠመኔ ሊነድፉበት፣ ከዚያ የመንደሩ ሴቶች እንደ ወጉ በጣታቸው ቀለም ሊሞሉት ነበር። በግራ በኩል ከታች አንድ ምስማር ተመቷል፤ አጠገቡ መዳፍ የምታህል በጠመኔ የተነደፈች ቅጠል አለች። ከእሷ በላይ ያችው ቅጠል ጎልታ ግድግዳውን ሞልታዋለች። በቀኝም እንዲሁ ነው፦ ምስማር፣ ትንሽ ወፍ፣ ከዚያ ትልቅ ወፍ። የትልቋ ወፍ ክንፍ ግን ከጣሪያው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ጫፉ ተቆርጧል።

«እንዴት ነው የሚሠሩት?» ስትል ሴሊሞን ጠየቀቻቸው።

«ሲባጎ ምስማሩ ላይ ያስራሉ። በትንሿ ስዕል ማዕዘን ላይ አሳልፈው ቀጥ አድርገው ይዘረጉታል፤ ሲጎላ ማዕዘኑ የት እንደሚያርፍ ይለካሉ። የማጉያ ቁጥሩ አራት ነው፤ ክፍሉ ሰሌዳ ላይ አሁንም ተጽፎ አለ። ልጆቹ ወደውት ነበር። ጫጫታቸው ቢሮዬ ድረስ ይሰማ ነበር።»

«ሁለቱንም ዓርብ ዕለት ነው የነደፉት?»

«ቅጠሏን ብቻ። ሙሉ ጠዋት ፈጀችባቸው። በመንደሩ ለቅሶ ስላለ ለቀብሩ ዋዜማ ብለን ሁሉንም በስድስት ሰዓት ለቀቅናቸው። ትልቋ ወፍ ያኔ አልነበረችም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ ልቆይ አለ።» ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጠረጉ። «ብቻውን ሠራት ማለት ነው። እስከ ጀምበር መጥለቂያ ሳትፈጅበት አትቀርም። ያኔ ደግሞ ግቢው ውስጥ የነበረው…»

«ማን?»

«ፒትሶ ብቻ ነበር፣ ምኤ። እኔና ምኤ ማካትሌሆ ለቅሶ ቤት አመሸን። ምክትሌ ሌካው በምሳ ሰዓት ታክሲ ዋና ከተማ ማሴሩ ሄደ።»

ፒትሶ ከመጸዳጃው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት የመንደሩ ሰዎች አጠገቡ ቆመው ይጠብቁት ነበር። ሰፊ ትከሻ ያለው ጎልማሳ ነው። እንደ መጣች ሳይነሳ አያት።

«መዶሻዬ ነው። መሰላሉም የኔ ነው። ትናንት ጠዋትም ተጣልተናል፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«ምን ነበር ያልከው?»

«መሰላሉን ከነመዶሻው ስጠኝ እያለ ሲጨቀጭቀኝ 'ውሰደው፤ ወድቀህ ብትሞት ግን እኔ ጋ እንዳትመጣ' አልኩት።» እጆቹን አየ። «ምላስ ምን አለበት።»

«ከሰዓት በኋላስ? ምን አየህ?»

«ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ምን ያያል? ሰማይ አየሁ። ልጆቹ ሲሄዱ ጫጫታው አለቀ፤ ከዚያ ዝም ነው። ሄዷል ብዬ ነበር። እሱ መሰላሉን ልመልስ ብሎ አልመጣ፤ እኔም አልጠየቅኩት። ተኳርፈን የለ? ጀምበር ስትገባ በጓሮ በር ወጥቼ ሄድኩ። ሃያ እርምጃ ሄጄ ባይ ኖሮ…» አልጨረሰውም። «ልጄ ሦስት ወሯ ነው፣ ምኤ። እናቷ ሳትሰማ ልትወስዱኝ ነው?»

ማሊኔዎ መልስ ሳትሰጠው ስልኳ ጮኸ። ማሴሩ ያለው አለቃዋ ነበር።

«መኪና ልኬያለሁ። ግንበኛውን ይዛችሁት ኑ። መዶሻው የሱ፣ ዛቻው የሱ፣ ግቢ ውስጥ የነበረውም እሱ። ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መኪናው እስኪደርስ ጊዜ እፈልጋለሁ።»

«ከዚያ በኋላ የለሽም።»

የልብስ ስፌት አስተማሪዋ ማካትሌሆ ክፍሏ ውስጥ መቀስ ይዛ ተቀምጣለች፤ የምትቆርጠው ነገር ግን አልነበረም። ማሊኔዎ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ትቀራረቡ ነበር?» አለች ማሊኔዎ።

«እሱ ከማን ጋር ይቀራረባል? ምሳውን እንኳ ብቻውን ነው የሚበላው። ልጆቹ ወጥተው ሳያልቁ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ጣሳውን ይከፍታል። 'ና ከኛ ጋር ብላ' ስለው 'ገንፎዬ እንግዳ ይፈራል' ይለኛል።» ፈገግታዋ ቶሎ ጠፋ። «ዓርብ ምሳውን ስንወጣ ከቦርሳው እያወጣው ነበር። ቻው እንኳ ሳልለው…»

«ማን አብሮሽ ወጣ?»

«ንታቴ ሴሊሞ፣ ንታቴ ሌካው። ሌካው በሩ ጋ ደርሶ 'ብርድ ልብሴን ረሳሁ' ብሎ ተመለሰ። እኛ ቀደምን። ታክሲው ጋ ሮጦ ነው የደረሰው።»

«ቱሜሎ ሰሞኑን የተለየ ነገር ተናግሮሽ ነበር?»

ማካትሌሆ መቀሱን አስቀመጠች። «ሐሙስ ዕለት ሳቀብኝ። እሱ ብዙ አይስቅም። 'ለአንድ ትልቅ ሰው የቤት ሥራ ሰጠሁት፤ እስከ ሰኞ' አለኝ። ማን ነው ብለው አልነገረኝም። የመሰላሉ ነገር መስሎኝ ነበር።»

የቱሜሎን የምሳ ጣሳ ማሊኔዎ ራሷ ነበረች ከመሰላሉ እግር አጠገብ ያገኘችው። ክዳኑን ከፈተች። ገንፎውና ጎመኑ እንደ ታጨቀ ነው፤ ማንኪያው አልተነካም። ክዳኑን መልሳ ገጠመችና ለረጅም ጊዜ ጭኗ ላይ ይዛው ተቀመጠች።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄዳ በቅጠሏ መስመር ላይ ጣቷን አሳለፈች። ነጭ ብናኝ ጣቷን አለበሰው። በወፏም መስመር ላይ አሳለፈች። ጣቷ እንደ ነበረ ቀረ። በጥፍሯ ፋቀችው፤ ጠመኔው ከጭቃው ጋር ተያይዟል።

ሲባጎው ከቅጠሏ ምስማር ላይ እንደ ታሰረ ነበር። ከምስማሩ እስከ ትንሿ ቅጠል ጫፍ በሲባጎው ለካች፤ ያንኑ ርዝመት ከምስማሩ እየደጋገመች ወደ ትልቋ ቅጠል ጫፍ ሄደች። አራት። ሌላ ማዕዘን ሞከረች፤ አራት። ወደ ወፏ ዞረች። ትንሿ ምንቃር ከምስማሩ አንድ ስንዝር ትርቃለች፤ ትልቋ አምስት። ትንሿ ጅራት ሁለት ስንዝር፤ ትልቋ አሥር። እግሯም፣ ደረቷም አምስት እጥፍ ነበሩ። አንድም ማዕዘን አልተዛነፈም።

«አስተማሪ አምስት እጥፍ አድርጎ ክንፉን ጣሪያ ላይ ያስቆርጣል?» አለች ለራሷ። ባሏ በሕይወት ሳለ ሰኞ ማታ ማታ የተማሪዎቹን ሥራ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሲያርም እሷ ማስመሪያ ትይዝለት ነበር። አሁን ያ ጠረጴዛ ላይ የሚታረም ነገር የለም።

ሁለት የሂሳብ ክፍሎች አሉ፤ በአንዱ ቱሜሎ፣ በሌላው ምክትሉ ሌካው ያስተምሩ ነበር። በሁለቱም ግድግዳ ላይ የልጆች ስዕሎች በወረቀት ማጣበቂያ ተለጥፈዋል፦ ትንሽ ሦስት ማዕዘን፣ ትልቅ ሦስት ማዕዘን፣ ከሥሩ «ሦስት እጥፍ» የሚል ጽሑፍ። ማሊኔዎ ማስመሪያዋን አወጣች። አንዱ ክፍል ውስጥ ቆይታ ሌላው ውስጥ ገባች። ስትወጣ ፊቷ ላይ የደስታ ምልክት አልነበረም።

በመንገዱ ዳር ታክሲውን የሚያጥበውን ሾፌር አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ንታቴ ሌካው? አዎ፣ ዛሬ በመጀመሪያው ጉዞ ነው ያመጣሁት። ገና ጎህ ሳይቀድ። እንዴት ነው ዛሬ እንቅልፍ የለም ወይ ብዬ ቀልጄበት ነበር፤ አልሳቀልኝም።»

የማሴሩ መኪና ኮረብታውን ሲወርድ ማሊኔዎ ሁሉንም ግድግዳው ሥር ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል። ሴሊሞ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። ማካትሌሆ ብርድ ልብሷን አፏ ድረስ ስባ ቆመች። ፒትሶን ሁለቱ ሰዎች አመጡት። ሌካው በመጨረሻ መጣ፤ ጫማው የተወለወለ፣ ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው።

«ይቅርታ፣ ወላጆችን እያረጋጋሁ ነበር» አለ።

ማሊኔዎ በግድግዳው ባዶ ቦታ ላይ ምስማር መትታ፣ አጠገቡ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ስላ ነበር።

«ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ይህችን ሦስት ማዕዘን እያንዳንዳችሁ በሁለት እጥፍ አጉሉልኝ። ሲባጎው ይኸው።»

«ሰው ሞቶ ጨዋታ?» አለ ፒትሶ።

«ያንተ ነገር ስለሆነ አንተ ጀምር።»

ፒትሶ እየተነጫነጨ ሲባጎውን ያዘ። አንዱን ማዕዘን በዓይኑ ገመተ፣ ሌላውን በክንዱ ለካ፣ ሦስተኛውን ሲባጎው አልደርስ ሲለው እንደው ነጥብ አድርጎ ተወው። የወጣው ነገር የተረገጠ ባርኔጣ ይመስላል።

«ለዚህ ነው ጡብ በውኃ ልክ የምሠራው» አለ። ማካትሌሆ በሐዘኗ መሐል ፈገግ አለች። እሷም ሴሊሞም በተራቸው ሠሩ፤ ሁለቱም ከምስማሩ ጀምረው ሁለት ጊዜ ለክተው በትክክል አወጡት።

ሌካው ሲባጎውን ሳያመነታ ተቀበለ። ከምስማሩ እስከ ማዕዘኑ ለካ። ከዚያ ጣቱን ማዕዘኑ ላይ አድርጎ፣ ያንን ርዝመት ከማዕዘኑ ወዲያ ሁለት ጊዜ አስቀመጠ። በሦስቱም ማዕዘኖች እንዲሁ አደረገ። የእጁ ሥራ ንጹሕ ነበር። ጠመኔውን መለሰላትና እጁን አራገፈ።

«አመሰግናለሁ» አለች ማሊኔዎ። «አሁን ልንገራችሁ። ቱሜሎ ከሰዓት በኋላ በሕይወት አልነበረም። ልጆቹ ሳይወጡ ምሳውን የሚከፍት ሰው ጣሳውን እንዳለ ትቶታል። ማንኪያውን እንኳ አላነሳም። የሞተው በስድስት ሰዓት ነው፤ እናንተ ከበሩ እንደ ወጣችሁ።»

«ወፏስ?» አሉ ሴሊሞ።

«ወፏን ሌላ ሰው ነው የሠራት። የቅጠሏ ጠመኔ ይበናል፤ ዓርብ በደረቅ ግድግዳ ላይ ተሰመረ። የወፏ ግን አይለቅም። የጠዋት ውርጭ ባረጠበው ጭቃ ላይ ስለተሰመረ ተያይዞ ደርቋል። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ማለት ነው። ከልጆች ጋር ሙሉ ጠዋት የሚፈጅ ሥራ፣ ብቻውን ለሚቸኩል ሰው ያን ያህል አይፈጅም። ሟቹ እስከ ምሽት ሲሠራ እንደ ነበር እንዲመስል ነው የተሠራችው፤ ምሽት ላይ ግቢ ውስጥ የነበረው ፒትሶ ብቻ ነዋ።»

ፒትሶ ትንፋሹን ለቀቀ።

«ታዲያ ማን ሠራት? የማጉያ ቁጥሩ አራት ነው። ቅጠሏ አራት እጥፍ ናት። ወፏ ግን አምስት። አንድ ቦታ ላይ ቢሆን ስህተት እለው ነበር። ግን ሁሉም ማዕዘን አምስት ነው። ይህን የሠራ ሰው ደንብ ያውቃል፣ ደንቡን ይጠብቃል፤ የሚጀምርበት ቦታ ብቻ ነው የተሳሳተው። ከምስማሩ መቁጠር ሲገባው ከስዕሉ ወዲያ ይቆጥራል። እስከ ስዕሉ ያለችው አንዷ ትቀራለች፤ አራት ሲባል አምስት ይሆናል። ፒትሶ ቢሆን ወፏ የተረገጠ ባርኔጣ ትሆን ነበር። አሁን ደግሞ እዚህ ግድግዳ ላይ፣ ሁለት ስላችሁ አንድ ሰው ሦስት አወጣልኝ።»

ሁሉም ወደ መጨረሻው ንድፍ ዞሩ። ሌካው ራሱም ዞሮ አየው። ደጋግሞ አየው።

«የንታቴ ሌካው ክፍል ውስጥ ያሉት የልጆች ስዕሎች ሦስት እጥፍ ይላሉ፤ ስለካቸው ሁሉም አራት ናቸው። አንድም ልጅ አልሳተም፤ ሁሉም የተማሩትን ነው የሠሩት። ቱሜሎም ይህንኑ አየ። ይህን የሚያስተምር ሰው ሂሳብ አልተማረም አለ። ሐሙስ ዕለት የቤት ሥራ ሰጠዎት፤ ስህተትዎን ፈልገው ያግኙ፣ እስከ ሰኞም ለንታቴ ሴሊሞ እውነቱን ራስዎ ይንገሩ ብሎ። ትክክል ነኝ?»

ሌካው እጁ ላይ የቀረውን ጠመኔ በሱሪው ጠረገ።

«ዓርብ ብርድ ልብስ ረሳሁ ብለው ተመለሱ። የፒትሶ መዶሻ መሰላሉ ሥር ነበር። ዛሬም በመጀመሪያው ታክሲ፣ ጎህ ሳይቀድ መጡ።»

«ሌካው» አሉ ሴሊሞ። ድምፃቸው እንደ አባት ነበር። «ልጄ፣ ሰሚ ጠፍቶ ነው? ለኔ አትነግረኝም ነበር?»

ሌካው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲናገር ድምፁ እንደ ተማሪ ነበር።

«የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጁን አልጨረስኩትም። አንድ ዓመት ብቻ ነው። አባቴ ሞቶ አቋረጥኩ። ከመጻሕፍት እያነበብኩ አስተማርኩ… ልጆቹ ይወዱኛል። ዓርብ ለመንኩት። 'ስህተቱን አገኘኸው?' ነው ያለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ጣሳውን ሊከፍት ጎንበስ አለ።» አቆመ። «ሁለት ሌሊት ፈለግኩት። አላገኘሁትም። አሁን ነው ያገኘሁት።»

«ብትጠይቀው ይነግርህ ነበር» አለች ማካትሌሆ፤ ስታለቅስ ድምፅ አላወጣችም። «ማንም ጠይቆት አያውቅም እንጂ፣ ከጠየቁት ሁሉንም ነገር ይናገራል።»

ከማሴሩ የመጡት ፖሊሶች ሌካውን ወሰዱት። ፒትሶን የያዙት ሁለት ሰዎች ክንዱን ለቀው፣ ምን እንደሚሉት ጠፍቷቸው ቆሙ።

«እናንተ ደሞ» አላቸው፤ «ቢያንስ ቤት ድረስ ሸኙኝ። ዘግይቼ ስመጣ ፖሊስ ይዞኝ ነው ብላት ሚስቴ አታምንም።»

እሱም ከመሄዱ በፊት ወደ ማሊኔዎ መጣ። «ይህን ሁሉ ሂሳብ የት ተማርሽው?»

«ቤት ውስጥ» አለችው። ሌላ አልጨመረችም።

ሰኞ ሴሊሞ ሁለቱንም የሂሳብ ክፍሎች በአንድ ላይ ይዘው አስተማሩ። የመንደሩ ሴቶች ከሳምንት በኋላ መጥተው ቅጠሏን በአመድና በቀይ አፈር በጣታቸው ሞሏት። ትልቋን ወፍ በእርጥብ ጨርቅ እየፈገፈጉ አጠፏት፤ ጠንክራ ስለነበር ልስኑም አብሮ ተነሣ፤ እንደገና ለሰኑት። ማካትሌሆ የቱሜሎን የምሳ ጣሳ አጥባ ወሰደችው፤ የሚጠይቅ ዘመድ አልመጣም።

ማሊኔዎ የበዓሉ ዕለት በዚያ ስታልፍ ግድግዳውን አየችው። ቅጠሏ በቦታዋ ናት። በቀኝ በኩል ምስማሩና መዳፍ የምታህለው ወፍ አሉ። ትልቋ ወፍ የለችም፤ የሚያጎላትም ሰው የለም።